መምሬ ፈንታው እና የታጎለው ቅዳሴ

ለሃምሳ ዓመት ግድም በቅስና ያገለገሉን መምሬ ፈንታው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ያረፉት ሐሙስ ጠዋት፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ነው። ወሬው የደረሰኝ ላሊበላ ገበያ ሆኜ፣ ለቤተ ክርስቲያን የገዛሁትን ጧፍና ዘቢብ ባጃጅ ላይ ስጭን ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ለባለ ባጃጁ «ዘቢቡን ከሥር አታድርገው፣ ይጨፈለቃል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ምናልባት ምንም አላሰብኩም።

ዛሬ አርባቸው ነው። የአጥቢያችን ሰዎች «ደቀ መዝሙራቸው ነበሩና እርስዎ ጽፈው ያንብቡልን» ሲሉኝ እሺ አልኩ። የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ቦታውን ለማያውቅም ሁለት ቃል ልበል። ቤተ ክርስቲያናችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ፣ ገደል ሥር የተጠጋች ትንሽ ናት። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። እኛ ዘንድ አምስቱ ሞልቶ ስድስተኛ ተርፎ አያውቅም።

መምሬ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ወደ መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩ። ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስሳሳት አይቆጡም፤ «እንደገና» ይላሉ፣ በቃ። አንድ ቀን በአንድ መስመር ላይ አሥራ አንድ ጊዜ «እንደገና» ብለውኛል፤ ቆጥሬያለሁ። ከገደሉ ማዶ ዓይነ ስውር ባልቴት ብቻዋን ትኖር ነበር። ክረምት ሳይገባ ጣሪያዋን የሚደፍኑላት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ሣር ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ባልቴቷ «ማን ልበል?» ስትላቸው «ጎረቤት» አሏት፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ። ስንመለስ ለምን ስምዎን አልነገሯትም ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደወል ስትሰማ ቶሎ ተነሥ፤ ስምህን ስትሰማ ግን አትቸኩል» አሉኝ። ያን ጊዜ አነጋገሩ አማረኝ እንጂ አልገባኝም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማለት የምታውቁት ይመስላችኋል።

ጥቅምት ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ዲያቆን ነኝ፤ ትርንጎ ታጭታልኛለች። በዚያ ቀን የትርንጎ ወንድም ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊያስነሳ ነው። አባቷ አያ ሲሳይ ዘመዱን ሁሉ አስከትለው፣ ቤታቸው ድግስ ደግሰው መጥተዋል። እኔ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ከቤቴ ወጥቼ በባቄላ ማሳ መካከል እየመጣሁ ነው። እሸት መካከል የሚያልፍ ሰው እጁ ዝም እንደማይል ያገሬ ሰው ያውቃል፤ ባለ ማሳውም አይቆጣም። እጄ ቀጠፈ፣ ጥፍሬ ፈለፈለ፣ አፌ አኘከ። በዚያ ቀን ቀዳሽ መሆኔ ትዝ ያለኝ ሦስተኛውን ፍሬ ከዋጥኩ በኋላ ነው። እህል የቀመሰ ሰው ደግሞ አይቀድስም፤ ቅዳሴ ከሌለም ክርስትና የለም።

መምሬን የቁርባኑ ኅብስት በሚዘጋጅበት ቤተልሔም ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው።

«መምሬ፣ እሸት በላሁ።»

«ዋጥኸው?»

«ዋጥሁት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ ስለ ቅዳሴው አልተናገርኩም፤ «አያ ሲሳይ ከሰሙ ልጃቸውን ይከለክሉኛል» ነው ያልኳቸው። ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። ሕፃኑ አልታሰበኝም፤ ከሌሊት ጀምሮ የተጓዘው ሕዝብም አልታሰበኝም። መምሬ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ የነገርኳቸውን ለሰው ማውጣት አይችሉም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ሌላ ዲያቆን ለማምጣት ገደሉን ወርዶ ማዶ መውጣት ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መምሬ በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬ ቅዳሴው ታጉሏል፤ አይቀደስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉና ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ።

አያ ሲሳይ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ። «ምን አጥፍተው ነው? ማታ ምን ሲቀምሱ አደሩ?»

መምሬ አልመለሱም። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኜ እዚያው ቆሜያለሁ፤ ከእኔ እስከ እሳቸው ሁለት እርምጃ አይሞላም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ቄሱ አረቄ ጠጥተው ነው የሚለው ወሬ ገደሉን ተሻገረ። «ያስታጎሉት መምሬ» የሚለው ስምም ከዚያ ቀን ወዲህ ተተከለባቸው።

ያን ጊዜ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ቁልፍ በእጃቸው ነበር። በሳምንቱ ተሻሩ። «እንግዲህ ውኃ ይቅዱ» ተባሉና እሺ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ሕፃኑ ሲጠመቅ ውኃውን ከምንጩ ተሸክመው ያመጡት እሳቸው ናቸው። አያ ሲሳይ በአጠገባቸው ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ። መምሬ ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው።

እኔ ትርንጎን አገባሁ። ቀሰስኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ቁልፍ እኔ ዘንድ መጣ። መምሬ ጠዋት ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጡና «ዛሬ ምን ልታዘዝ?» ይላሉ። ለእኔ ነው የሚሉት። እኔም አዝዛቸው ነበር። «ውኃው ጎድሏል» እላለሁ፣ በዚያ ጉልበታቸው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊታቸውን ማየት ያሳፍረኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። የሚያስጠላኝ ይህ መልመዴ ነው።

አንድ ቀን ከምንጩ ሲመለሱ ጠብቄ «መምሬ፣ ልናገር» አልኳቸው። ጀሪካኑን አወረዱ።

«ለማን ብለህ? ለእኔ ከሆነ ተወው። ሰው የሚለኝን ለምጄዋለሁ። ልጆችህ ገና ሕፃናት ናቸው፣ ቤትህ አይናወጥ። እኔ እስካለሁ ዝም በል።»

«ትእዛዝ ነው?»

«ትእዛዝ ነው» አሉኝ። ጀሪካኑን መልሰው ሲያነሡ ደግሞ «መታዘዝ የሚታወቀው ትእዛዙ ሲመርር ነው» አሉ።

እኔን አልመረረኝም። ጹም ሲሉኝ አጉረመርም ነበር፤ ስገድ ሲሉኝ ወገቤን እላለሁ። ዝም በል ሲሉኝ ግን ደስ እያለኝ ታዘዝኩ። እሳቸው ካዘዙኝ ሁሉ ሳላጓድል የፈጸምኩት ይህን ብቻ ነው። ፍርሃቴን መታዘዝ ብዬ ስም አወጣሁለትና ስንት ዓመት ተቀመጥኩበት።

ሲቀበሩ ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ድምፄ አልተሰበረም። እንባ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። አፈር ስመልስባቸው እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር። ሰዉ «ጠንካራ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ጥንካሬ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ከቀብር ስንመለስ አያ ሲሳይ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አሉኝ። «ያቺ አንዲት እሑድ ባትኖርባቸው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ። ሞተውም ዝም አልኩባቸው።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ትናንት እስከዚህ ድረስ ያለውን ለትርንጎ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ሳነብ እጇ አላቋረጠም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣችና ነጠላዋን ደረበች። ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«አባባ ጆሯቸው ደክሟል» አለች። «ነገ ከፊት እንዲቀመጡ ልነግራቸው ነው።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ መምሬ ፈንታው በዚያ ሌሊት ከውኃ በቀር አልቀመሱም፣ ከመንፈቀ ሌሊት ወዲያ ውኃም አልቀመሱም። ቅዳሴውን ያስታጎልኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ዛሬ በፊታችሁ አስረክባለሁ። ውኃ የሚቀዳ ሰው ካስፈለገ እዚሁ ነኝ።

መምሬ፣ የቀረውን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ሌላው ለመምህሩ እንደሚጽፈው ያለ ያማረ ስንብት ልጽፍልዎ ሞክሬ ነበር፤ ቃሉ ደረቀብኝ። አላለቀስኩልዎትም፣ ይህንንም ይወቁልኝ። ይፍቱኝ እንዳልል እርስዎ ያኔውኑ ፈትተውኛል። ይቅርታ ያልጠየቅኩት ሕዝቡን ነው። እርስዎ በሰላም ይረፉ፤ እኔ ወደ ሕዝቡ እወጣለሁ።