አባቴ ያልቀደሱባት እሁድ

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ክፍል ውስጥ እርሳስ ስቀርጽ ምላጩ ጣቴን ቆረጠኝና መምህሯ አዮዲን አፈሰሰችበት። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ጣቴን ረሳሁት፤ ትዝ ያለኝ የውሻችን አፍ ነው። አቤት ያ አፍ! አሁን እንኳ ስጽፈው ምራቄን ሁለቴ ዋጥኩ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ውሻችን ድዱ ላይ እብጠት ወጣበት። እኛ አጥንት የተሰካበት መስሎን «ይወጣለታል» እያልን ሁለት ወር ጠበቅን። እብጠቱ ግን የዶሮ እንቁላል አከለ፤ ከሥሩ መግል ይወርዳል፤ ሽታው ጥግ ውስጥ ተረስቶ የበሰበሰ ድንች ነው። መብላት አቃተው፤ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ አይነካም፤ ነገ ቅዳሴ ያለበት ቄስማ ደም አጠገብም አይደርስ። ቅዳሜ የከብት ሐኪሙ በባጃጅ ሲመጣ አባቴ ከባሕር ዛፉ ሥር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ቆሙ።

«ካልተቆረጠለት በረሃብ ይሞታል» አለ ሐኪሙ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ዶክተር እሆናለሁ ትይ የለ? ነይ፣ አፉን ክፈቺ!»

ማስተኛ መርፌ ወጋው። እኔ መንጋጋውን በገመድ ከፍቼ ያዝኩ። ምላጩ ሲገባ ጥቁር ደም ከለሃጭ ጋር ተደባልቆ፣ ሞቅ እያለ፣ በክንዴ እስከ ብብቴ ወረደ።

«ሊያስመልስሽ ነው? ዞር ብለሽ አስመልሽ፤ ገመዱን እንዳትለቂ!»

አስመለስኩ። ገመዱን አልለቀቅኩም።

እብጠቱ በቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሎ ሳለ ውሻው ነቃ። «ያዙልኝ እንጂ!» ጮኸ ሐኪሙ። ታገልኩ፤ አቃተኝ። ያኔ ጋቢው መሬት ሲወድቅ አየሁ። አባቴ ተንበርክከው የውሻውን አንገት አቀፉት፤ ደሙ ጥምጥማቸው ላይ ተረጨ።

«አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ» ይሉታል፣ ሐኪሙ እብጠቱን ቆርጦ አፉን በአዮዲን እስኪያጥብለት። እኔን እንኳ እንዲያ ብለውኝ አያውቁም።

በማግስቱ አባቴ አልቀደሱም። ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። አንዲት ባልቴት፣ «አባ፣ ምነው ዛሬ ከእኛ ጋር?» ቢሏቸው፣ «ውሻ ታሞብኝ» አሉ፤ አንገታቸውን ሳይደፉ።

ውሻው ጠግቦ በላ፤ በዓመቱ እብጠቱ ተመልሶ ገደለው። ጥምጥሙ ላይ የቀረችውን ቡናማ ነጥብ እናቴ በእንዶድ ልታሻት ስትል አባቴ «ተያት» አሏት።

ጣቴ ላይ የቀረው አዮዲን ቁርጥ ያቺን ነጥብ ይመስላል። ሽታው ያስጠላኛል። ግን እስካሁን አልታጠብኩትም።