ስለ ሁሴን ጀናዛ ልናገር ወደ አጋሮ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ

ከቤት የወጣሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቡና ለቀማ ሰሞን ስለሆነ መኪና እንዳይጠፋብኝ ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። ባለቤቴ አስካለ ጋቢዬን እያቀበለችኝ፣ "ዛሬስ ሳትናገር እንዳትመለስ" አለችኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ ታውቃለች።

የጉዞዬን ምክንያት ላስቀድም። እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገሬ ቢንዛዛ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። ጅማ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ በርና መስኮት ስሠራ ኖሬአለሁ፤ የሬሳ ሣጥንም እሠራለሁ። እንጨቱን የምገዛው ሄርማታ ሰፈር ካለው ከሁሴን መጋዘን ነበር። ገዢና ሻጭ መሆናችን ቀረና ወንድማማች ሆንን። ኢድ በመጣ ቁጥር ስኳር ይዤ ቤቱ እውል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁሴን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ባለቤቱ ዘይነባ እናቷን ልታስታምም አጋሮ ሄዳ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲያርፍ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ልጁ ከጅዳ ደወለና፣ ሳልደርስ አባቴን እንዳትቀብሩት ብሎ አለቀሰብኝ። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ፣ የሚቆይ ከሆነ እንዳይበላሽ መድኃኒት መወጋት አለበት አለኝ። ይወጋ አልኩ። በእኛ በኩል ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ካለ ትንሽ መጠበቅ ያለ ነው። ደግሞም ለክርስቲያን ወዳጄ ሣጥን እሠራለሁ፤ ሙስሊም ግን በከፈን ተጠቅልሎ ነው አፈር የሚገባው። ለሁሴን ምን ልሥራለት? ያችን አንዲት ነገር ያደረግሁለት መስሎኝ ነበር።

ልጁ ወረቀቱ ተጓተተበትና አልደረሰም። ሁሴን ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተቀበረ። ከለቅሶው በኋላ አንድ የሰፈራችን ሰው ሲያወራ ሰማሁ። በእስልምና የሞተ ሰው ቶሎ ይቀበራል እንጂ አይቆይም፤ ገላውም አይቆረጥም፤ እሱን ማቁሰል በሕይወት ያለውን እንደማቁሰል ይቆጠራል አለ።

ዘይነባ ምንም ሳልነግራት መጋዘኑን አከራይታ አጋሮ ገባች። እኔም በመጋዘኑ በር ማለፍ እያፈርኩ፣ ገበያ ስወርድ በአዌቱ ወንዝ በኩል ዞሬ መሄድ ለመድኩ።

ሦስት ሰዓት፣ የቡ

እስከ አጋሮ መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ሆኖም መንገድ ላይ የቡ ወረድኩ። እዚያ ግርማ የሚባል ጡረተኛ ድሬሰር አለ። ሣጥን ለሆስፒታል ሳደርስ ሬሳ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ነው የማውቀው። ምን እንደተደረገ በቅጡ ሳላውቅ ለዘይነባ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ግርማ ከቤቱ ፊት ለፊት ቀይ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ በእጁ እያገላበጠ ሳለ ደረስኩ። ሻይና ፓስቲ አዘዘልኝ። ጥያቄዬን ሰምቶ ሳቀብኝ።

"አርባ ዓመት ሣጥን ሠርተህ፣ ስለሚገባበት ሰው ዛሬ ገና ጠየቅህ?"

ከዚያ ከሥሩ ጀመረልኝ። የጥንት ግብፆች የሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ ገላውን በጨው አድርቀው፣ ሙጫና ሽቱ ቀብተው በበፍታ ይጠቀልሉት ነበር አለ። እኔም የንስሐ አባቴ የነገሩኝን ነገርኩት፤ ዮሴፍም አባቱ ያዕቆብ ግብፅ ላይ ሲያርፍ አርባ ቀን ሙሉ ባለመድኃኒቶች በሽቱ እንዲያሹት አድርጎ፣ ወደ አገሩ ወስዶ ነው የቀበረው። የጌታችንንም ሥጋ በከርቤና በእሬት ገንዘውታል። ግርማ ራሱን ነቀነቀ። የዛሬው ግን እንደዚያ አይደለም አለ። የሆድ ዕቃ አይወጣም። አንገት ሥር ወይም ብሽሽት ላይ የጣት ስፋት ያህል ይከፈትና መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል፤ ከዚያ ይሰፋል።

"ያመዋል?" አልኩት። አፌ ላይ መጣ።

"ተፈራ፣ የሞተ ነው እኮ" አለኝ በቀስታ። "እንዲያውም ፊቱ ቀላ ይላል፣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ተኝቷል እንጂ አልሞተም ብሎ ያስቸገረን ቤተሰብ ነበር።"

ይህችን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ አጋሮ

ከየቡ እስከ አጋሮ መንገዱ ዳርና ዳር ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና፣ ጀንፈል፣ በሸራ ላይ ተሰጥቶበታል፤ ሹፌሩም አንዳንድ ቦታ ከሸራው ሸሸት እያለ ነው የሚያልፈው። ጥላ ዛፎቹ ሥር መልቀሚያ ቅርጫት ያንጠለጠሉ ሰዎች ይታያሉ። እኔ ግን የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ስለነበር ብዙም አላየሁ። አጋሮ ስኳር ገዛሁና በባጃጅ ዘይነባ ቤት ደረስኩ።

ወንድሟ ሼህ ከማልም እዚያው ነበር። ሁሴንን አጥቦ የከፈነው እሱ ነው። እሱን ሳየው ስኳሩን እንደያዝኩ ደጅ ላይ ቆምኩ።

"ማሎ፣ ምነው ጋሼ ተፈራ!" አለች ዘይነባ በሩ ላይ። "ሁለት ኢድ አለፈ። ምን አስቀይሜዎት ነው?"

ጨጨብሳ በማር አቀረበች። አንድ ጊዜ ብቻ ጎረስኩ። ሳህኑን ወዲያ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጇን ስልክ፣ የሠራተኛውን ጥያቄ፣ ይወጋ ማለቴን። አንገቱ ሥር ሳይቆርጡት እንዳልቀረም ነገርኳት። አንቺን ሳልጠይቅ፣ ደንባችሁን ሳላውቅ አደረግሁት፣ ይቅር በይኝ አልኩ።

ዘይነባ ክንብንቧን ወደ ፊቷ ሳበች።

"መድኃኒት ነው ያሉኝ?" አለች። "ረቡዕ ዕለት?"

"ረቡዕ ዕለት።"

ወደ ወንድሟ ዞረች። "ከማል፣ ያጠብከው አንተ ነህ። አይተሃል?"

"ጀናዛ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም" አለ ሼህ ከማል። "ይህን ታውቂያለሽ።"

"ንገረኝ።"

ሼህ ከማል አየኝ። ነገሩን ያወጣሁት እኔው ስለሆንኩ መሰለኝ፣ "አንገቱ ሥር ሦስት ስፌት ነበር" አለ።

ዘይነባ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የፈራሁት ደረሰ ብዬ ልነሣ ስል ጋቢዬን ያዘችኝ።

"ከነሕይወቱ የቀበርነው መስሎኝ ነበር" አለች።

ከዚያ እያረፈች ነገረችን። ዓርብ ዕለት ልትሰናበተው ከፈኑን ከፊቱ ሲገልጡላት፣ ሁለት ቀን የሞላው ሰው ፊት አልመሰላትም። ቀላ ብሎ፣ ሽታም የለው፣ እንደተኛ ነበር። ሴቶቹ የጀነት ሰው ምልክት ነው አሏት። እሷም አልሐምዱሊላህ አለች፤ በልቧ ግን አልሞተም፣ ልቡ ደክሞ ነው አለች። አፈሩ ሲመለስ ጮኼ ማስቆም ነበረብኝ እያለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፈር ሥር ሲያንኳኳ ትሰማው ኖራለች። ግርማ የቡ ላይ ያለኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ቃል በቃል ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

"ታዲያ እኔን ምነው አትጠይቂኝም ነበር?" አላት ሼህ ከማል።

"ብጠይቅህ አይነገርም ትለኛለህ።"

"ማለቴ አይቀርም" አለ፤ አንገቱንም ደፋ።

በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ ተፈራ፣ አልሸሽግዎትም፤ መቆየት አልነበረበትም፣ ገላውም ያለ ግዴታ ባይነካ ነበር የሚሻለው" አለኝ። "ግን ሳያውቁ፣ በፍቅር ያደረጉት ነው። አላህ ልብ ያያል። የእርስዎ ቶሎ አለመናገር ነው የባሰው፤ የእኔም እንደዚያው።"

"የሁለት ኢድ ስኳር ግን ዕዳ አለብዎት" አለች ዘይነባ ዓይኗን እየጠረገች። "ይኼ የዘንድሮው ብቻ ነው።"

ሦስታችንም ሳቅን። የቀረውን ጨጨብሳ ሙልጭ አድርጌ በላሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጅማ

ስመለስ መስኮቱ ዳር ተቀምጬ ጠዋት ያላየሁትን ሁሉ አየሁ፤ ደጋፊ የቆመለትን ሙዝ፣ ጀንፈሉን ወደ ቤት የሚያስገቡትን ሴቶች፣ ዝናብ ያዘለውን ተራራ። ዘይነባ አንድ ዕቃ ማር አሸክማኛለች፤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ በኀፍረት፣ ሼህ ከማል በሃይማኖቱ ደንብ፣ እሷ በፍርሃት ዝም ብለን፣ እሷኑ መከረኛዋን ሁለት ዓመት ከመቃብር ዳር አቁመናት ኖረናል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው። የኔ ተራ ሲደርስ የተደረገብኝ ሁሉ ለአስካለ ይነገራት ብዬ ለልጆቼ አዝዣለሁ።

ከመናኸሪያ ወጥቼ ወደ ወንዙ ልታጠፍ ስል እግሬን መለስኩ። በገበያው አልፌ ወደ ሄርማታ ሄድኩ። የሁሴን መጋዘን ክፍት ነው፤ አዲስ የተሰነጠቀ ዋንዛ በሩ ላይ ተደርድሯል። ቆሜ አሸተትኩት። ተከራዩ እንጨት ልግዛ የመጣሁ መስሎት ዋጋ ጠራልኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ አልኩት።

አስካለ ማሩን ተቀብላኝ ፊቴን አየች።

"በየት በኩል መጣህ?" አለችኝ።

"በሄርማታ።"

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።