በርበሬ ያደረቀው ኤሲ

ቡሬ ላይ የእትዬ ካሰችን በርበሬ የማያውቅ የለም፤ አለ ከተባለም አስነጥሶት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሲነግዱ አንድ ዛላ አልሻገተባቸውም። ዘንድሮ ግን በኅዳር ዝናብ መጥቶ አልሄድ አለ። ቅዳሜ ደንበኛቸው መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በርበሬው ገና እርጥብ ነው። እሱ ከሻገተ የሠላሳ ዓመት ስማቸውም አብሮ ሻገተ ማለት ነው።

ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ወርደው አንድ ባንክ ጀርባ ዝናብ ሲጠለሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሣጥን ሙቅ ነፋስ እየተፋ ነጠላቸውን አደረቀላቸው። ጠይቀው ኤሲ ነው ቢሏቸው በቀጥታ ኤሲ መሸጫ ገቡ።

ሻጩ ይርሳው ተቀበላቸው። "እትዬ፣ ይኼኛው ድምፅ የለውም። ሳሎንዎን በአምስት ደቂቃ ውርጭ ያደርገዋል!"

እትዬ ካሰች ዞረውም አላዩት። በጓሮ በር ወጥተው፣ ከተደረደሩት አራት የኤሲ የውጭ ሣጥኖች አንዱ ፊት ቆሙና ሙቀቱን በጉንጫቸው ለኩት።

"የዚህ ትንፋሹ ደካማ ነው። ሌላ የለህም?"

"ኧረ እትዬ፣ ይኼ እኮ የቤቱን ሙቀት አውጥቶ የሚጥልበት ነው!"

"እንዴት ያለ ነገር ነው የምትጥሉት እናንተ!"

"ሳሎንዎ ስፋቱ ምን ያህል ነው?"

"ሳሎኑን ተወው። ጓሮዬ አምስት ኩንታል ያሰጣል።"

ከአራቱ ሣጥኖች በጣም የሚያቃጥለውን መረጡ።

ረቡዕ ተገጠመ። ከሣጥኑ ፊት ላስቲክ ተወጥሮ በርበሬው ተሰጣ፤ ጓሮው ቆላ ሆነ። ሳሎን ውስጥ ግን ድመቷ ጎረቤት ተሰደደች፤ የባለቤታቸው የጋሽ ደረሰ ጢም አመዳይ ያዘ።

"ካሰች፣ ልሞትብሽ ነው!" አሉ ከሁለት ጋቢ ሥር።

"እስከ ቅዳሜ ቻለው። ከቅዳሜ በኋላ እንደፈለግህ።"

ሐሙስ ጋሽ ደረሰ ሪሞቱን አገላብጠው የፀሐይ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ሳሎኑ ሞቀ፤ ጋቢዎቹ ወለቁ። ጓሮ ያለው ሣጥን ግን ውርጭ ይተፋ ጀመር።

እትዬ ካሰች እንደ መብረቅ ገቡ።

"እኔ አይደለሁም!" አሉ ጋሽ ደረሰ፣ ሪሞቱን ከጀርባቸው ደብቀው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

እትዬ ካሰች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታው መልሰው ዘጉት። ዝናብ የማይገባበት፣ ዶሮ የማይጭረው ሳሎን!

"ደረሰ፣ አንተ እኮ ሊቅ ነህ!"

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተብለው የማያውቁት ጋሽ ደረሰ ደረታቸውን ነፉ። ደረታቸው ሳይተነፍስ ሶፋው ወጥቶ በርበሬው ገባ።

ቅዳሜ ደንበኛው አንድ ዛላ ሰበር ቢያደርግ ቀጭ አለ። "እትዬ፣ በዚህ ዝናብ እንዴት አደረቁት?"

"የባለቤቴ ብልሃት ነው። ጓሮ አለልህ፣ ጠይቀው።"

ጋሽ ደረሰ ጓሮ፣ ሶፋቸው ላይ፣ ውርጭ ከሚተፋው ሣጥን ፊት በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ጃንጥላ ዘርግተዋል።

"ኧረ ቀላል ነው" አሉት እያስነጠሱ፤ "ቁልፏን ማወቅ ብቻ ነው።"