ቲቸር አውየንግ በገመድ ላይ

ሻምሹይፖ ሰፈር ባለው ሲኒማ ቤት ከአውየንግ ዋይሃን አጠገብ መቀመጥ የሚሻ ሰው አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ሴት ናት። ጠፈር ላይ መርከብ ሲፈነዳ፣ «አየር በሌለበት ድምፁ ከየት መጣ?» ትላለች። በጥይት የተመታ ሰው መስኮት ሰብሮ ሲወረወር ደግሞ፣ «እሱ እንዲህ ከበረረ ተኳሹም ወደ ኋላ መብረር ነበረበት!» ብላ ትጮኻለች።

ትኬት ቆራጩ አንድ ቀን ሊመልሳት ሞከረ። «ቲቸር፣ ዛሬ የፍቅር ፊልም ነው። የሚፈነዳ ነገር የለውም።»

«መኪና አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው እገባለሁ።»

የዚያን ዕለት ከኋላዋ የተቀመጠ ጎልማሳ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ቲቸር፣ ፑን ካምቶ ነኝ። ሁለቴ የጣሉኝ።»

«የስበት ፈተና ላይ ዜሮ ያገኘኸው!»

«እሱው ነኝ። አሁን ስበትን በማታለል ነው የምተዳደረው።»

ፑን ተዋንያንን በገመድ እየጎተቱ የሚያበሩ ሰዎች አለቃ ሆኖ ነበር። አፏን ያስይዝልኛል ብሎ በማግስቱ ቀረጻ ላይ ጋበዛት። ገና ከመድረሷ ዳይሬክተሩን፣ «እስቲ አንዴ እንኳ ሰው በትክክል ይመታ» ብላ ወጠረችው። እሺ አላት። ተዋናዩ ተተኮሰበትና እንደ እርጥብ ጨርቅ እዚያው እጥፍ አለ።

«የተመታ ሳይሆን ቁልፍ የወደቀበት ነው የሚመስለው» አለ ዳይሬክተሩ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሳቁ ሲበርድ አንድ የሚያነክስ ወጣት አየች። ትናንት በገመድ ሲጎትቱት ከግድግዳ ጋር አላትመውት ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚጎትተው?» አለች።

«አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት» አለ ፑን።

«በምን ታውቃላችሁ?»

«በግምት።»

መነጽሯን አወለቀች። «በግምት! ይኸውልህ፣ ለዚህ ነው የጣልኩህ።»

ወረቀት አስመጥታ የሁሉንም ክብደት መጠየቅ ጀመረች። ዋናዋ ተዋናይት፣ «አርባ አራት ኪሎ» አለች።

«ልጄ፣ እኔን ብትዋሺኝ ግድ የለም፤ ግድግዳው ግን አይምርሽም።»

«እሺ... ሃምሳ ሁለት።»

በስሌቱ መሠረት አራት ሰዎች ጎተቱ። ተዋናይቷ ከጣሪያ ጣሪያ በርራ እንደ ድመት ኮሽታ ሳታሰማ አረፈች።

«ዕድል ይሆናል። በሌላ ሰው እንሞክረው» አለ ፑን፣ አስተማሪውን እያየ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ነኝ» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ሦስት ሰው ይበቃል።»

ማሰሪያውን አስታጥቀው ለቀቋት። ለቀረጻው ከወረቀት በተሠሩት ጣሪያዎች ላይ እየጮኸች አለፈች፤ ስትወርድ ፀጉሯ ተበትኗል።

«ቲቸር፣ ደህና ነዎት? የተሳሳተ ነገር አለ?»

«የለም። ግን በአንድ ሙከራ ምንም አይረጋገጥም። ድገሙት።»

አራት ጊዜ በረረች። በአራተኛው ላይ አንድ እግሯን አጥፋ፣ ክንዷን እንደ ሰይፍ ወደ ፊት ዘርግታ ነበር፤ ይህን እንድታደርግ ግን ማንም አላዘዛትም።