ጦሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ

በደርግ ጊዜ ነው፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ስላለበት፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ከልቤ አልወጣም።

ቤታችን አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነበር። አባቴ አናጢ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጸሎተኛ ሰው። ያን ሳምንት እናቴን ወባ ጥሏት ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበረድኩላት ሳለ የግቢያችን በር በእርግጫ ተበረገደ። ጠመንጃ የያዙ አራት የቀበሌ ታጣቂዎች ገቡ። አንዱ ስምንተኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ነው፤ ሲያየኝ አቀረቀረ።

"መሣሪያና ወረቀት እንፈትሻለን" አለ አለቃቸው።

"የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል?" አለ አባቴ።

አለቃው ጠመንጃውን መታ መታ አደረገና "ይኸው ትእዛዙ" አለው።

ሳጥናችንን ገለበጡ። የአባቴን መጋዝና መሮ መሬት ላይ ዘረገፉት። አባቴ እጁን አጣምሮ አያቸው። አለቃው እናቴ ወደተኛችበት ጓዳ እያመለከተ "ፍራሹን እናያለን፤ አንሷት" ሲል ግን፣ አባቴ ከአያቴ የወረሰውን ጦር ከግድግዳው አውርዶ የጓዳው በር ላይ ቆመ።

"ቤቴን ፈትሻችኋል። የታመመች ሚስቴን ግን አትነኩም።"

ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። እናቴ ከውስጥ ታቃስታለች። አሁን ሊገድሉት ነው አልኩ፤ ሌላ ምንም አልታየኝም። ሮጬ ጦሩን ያዝኩ።

"አባባ፣ በእግዚአብሔር ይልቀቁት! ይገድሉዎታል!"

ከእኔ ጋር መታገል አልፈለገም፤ እጁን አላላልኝ። ጦሩን ለአለቃው ሰጠሁና እግሩ ላይ ወደቅሁ።

አለቃው ጦሩን ከፍ አድርጎ "አብዮቱ ላይ መሣሪያ አንስቷል!" አለ። እናቴን ከነብርድ ልብሷ መሬት ላይ አወረዷት። ፍራሹን ቀደዱት፤ ምንም አላገኙም። አባቴን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። ማስረጃቸው እኔ የሰጠኋቸው ጦር ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ምግብ ሳደርስ በቀበሌው አጥር ቀዳዳ አየሁት። ፊቱ አባብጧል። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩት እያለቀስኩ።

"እናትሽ ተነሳች?" አለኝ።

አልተነሳችም ነበር። "ተነስታለች" አልኩት።

"ተመስገን" አለ። ሌላ ቃል ሳንነጋገር አባረሩኝ።

በማግስቱ ምግቡን መለሱልኝ። "ተዛውሯል" አሉ። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ያልጠየቅሁበት እስር ቤት፣ ያልለመንኩት ሹም አልነበረም። አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም።

እናቴ ዳነች፤ ብዙ ዘመንም ኖረች። ጦሩን ከእጁ ነጥቀው እንደወሰዱት ነበር የምታምነው፤ እኔም አላረምኳትም። ዛሬ ሰው ቤቱን የመከላከል መብት አለው ሲባል ስሰማ፣ አባቴ ትክክል እንደነበር አውቃለሁ። ግን ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ አራት ጠመንጃ ተደግኖበት ባየው፣ አሁንም ሮጬ ጦሩን የምይዝ ይመስለኛል። ዕረፍት የሚነሳኝም ይኸው ነው።

እናቴ አምና አረፈች። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት እሷ ስለማትሰማው ነው።