ግራ እጁን ያሰርኩበት ቀን

ታላቅ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ወንበርና በአንድ መስታወት ኖሯል፤ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ጉሮሮ ያውቃል። ወሬ ሲይዝ አፉ አያርፍም፣ ምላጩ ግን ስቶ አያውቅም። ያስቸገረው የሚጥል በሽታው ነበር።

ሐኪሙ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል ይቆረጥ አሉ፤ አንዱ ቤት የተነሳው እሳት ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት። ወንድሜ «ለሁለት የሚከፍለኝ ሰው አልፈልግም» ብሎ እምቢ አለ። አንድ ቀን በላይ በላዩ ጥሎት ራሱን ሳተ። ያኔ ለቀዶ ሕክምናው እኔ ፈረምኩ።

በሽታው ለቀቀው። ግራ እጁ ግን የራሱን ኑሮ ጀመረ። ቀኙ ያበራውን ሬዲዮ ያጠፋል፣ የቆለፈውን ሸሚዝ ይፈታል። ሐኪሙ «አፉና ቀኝ እጁ ለአንዱ ክፍል ይታዘዛሉ» አሉን። «ግራውን የሚያዘው ዲዳ ነው። የሚያውቀውን በእጁ ካልሆነ አይነግራችሁም።»

ሥራ ሲመለስ ሌላውን ሰው እንደ ድሮው ላጨ። እኔ ስቀመጥ ብቻ ግራ እጁ የቀኙን አንጓ ጨምድዶ ይይዛል። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ያዩት ተንሾካሾኩ፤ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ባዶ ቀረ።

«ግራ እጄን እሰረው» አለኝ። «የገዛ ወንድሜ ካላመነኝ ማን ያምነኛል? ሱቄን አታስዘጋብኝ።»

«ጋሼ፣ በመፈረሜ ቅር ብሎሃል እንዴ?»

«ምን ነካህ? ያዳንከኝ አንተ አይደለህ?»

ከልቡ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ግራ እጁን በፎጣ ከምቀመጥበት ወንበር ክንድ ጋር አሰርኩት። ሳሙና ቀባኝ፣ ስለ ኳስ እያወራ አንዱን ጉንጬን ላጨ። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ምላጩ ቆመ፤ ወሬው አልቆመም። ከዚያ ምላጩ ይጫነኝ ጀመር። በመስታወቱ አየሁት፤ ፈገግ ብሏል፣ ቀኝ እጁ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አይመስልም። የታሰረው እጅ እጅጌዬን ይዞ ወደ ጎን ይጎትተኛል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ ጭራሽ ገላጋዩን አስሬያለሁ።

ተንሸራትቼ ወጣሁ።

«ምነው፣ ሳልጨርስ?» አለ ተቀይሞ።

«ጢም ላሳድግ አስቤ ነው» አልኩት፤ ፎጣውን ፈታሁለት።

ጢሜ ዛሬ ደረቴ ደርሷል። እኔ ወንበሩን ከተውኩ ወዲህ ግራ እጁ አርፏል፣ ደንበኞቹም ተመልሰዋል፤ አንዳቸውንም አልቧጨረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቀው እሄዳለሁ። ቀኙን ሲዘረጋልኝ ግራውን እጨብጣለሁ። አጥብቆ ይይዘኝና ምላጩ ካለበት ወገን አርቆ ወደ በሩ ይገፋኛል።