ትከሻዬን ይዤ ወደ ፍል ውሃው

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆሳዕና መናኸሪያ በሚኒባስ ወጣሁ። የሄድኩት ለቀኝ ትከሻዬ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ወር ሆነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቅባት ቀብቶ የሚያሸኝ እሱ ነበር። ከእሱ ወዲህ ክንዴ ከደረቴ በላይ አይነሳም፤ ፀጉሬን እንኳ ማበጠር ያቅተኛል። ሐዋሳ ያለችው ልጄ፣ “ካልተሻለሽ ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ” ብላኛለች። እኔ ደግሞ ከቤቴ መውጣት አልፈልግም።

ሀቢቾ ስንደርስ በሰማንያ ብር ቆጮ በአይብ በላሁ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቆላው ወረድን። እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ በግራር ተተካ፤ አየሩም ሞቀ።

“ስንት ቀን ትቀመጫለሽ እናቴ?” አለኝ ሾፌሩ።

“ዛሬውኑ እመለሳለሁ።”

ሳቀብኝ። “ሰው ፍራሽና ድስት ይዞ ነው የሚመጣው! ውሃው እኮ ክሊኒክ አይደለም፤ መርፌ ወግቶ አይሸኝሽም።”

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ውሃው ከቋጥኝ ሥር እየተንተከተከ ወጥቶ፣ በድንጋይ ወደታጠረ ገንዳ ሲወርድ ለብ ይላል። እስከ ስድስት ሰዓት የሴቶች ተራ ነው። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው እያንዳንዷ ከፊቷ ያለችውን ሴት ጀርባ ታሻለች። እኔ ጥግ ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

“አንቺ፣ ጀርባሽን ከማን ትደብቂያለሽ?” አለችኝ ከጃጁራ የመጣች ሽንኩርት ነጋዴ።

“ክንዴ አይነሳም። ሰው ማሸት አልችልም።”

“ታዲያ ፊት ነይ! የፊተኛዋ ማንንም አታሻም።”

እጇ ሻካራ ነበር። ከባለቤቴ በኋላ ጀርባዬን የነካ ሰው ስላልነበረ አለቀስኩ። በእንፋሎቱ መሀል ያየችኝ አልመሰለኝም ነበር።

“አልቅሺ፤ እኔ እጄን አላቆምም” አለች። ቆየት ብላም፣ “ጎረቤት የለሽም?” ስትል ጠየቀችኝ።

ጎረቤትማ አለኝ፤ ጠይቄ አላውቅም እንጂ።

ስወጣ ክንዴ እስከ ጆሮዬ ተነሳልኝ። ሀቢቾ ስንመለስ ግን እንደገና ተሳሰረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆሳዕና ገባሁና በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ወደ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። የዋልኩበትን ነግሬ ማታ ማታ ታሸኝ እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ይህን ለማለት ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?” ብላ ተቆጣችኝ። “እሺ። ግን የእኔም ወገብ አለ፤ በግራ እጅሽ ታሺኛለሽ።”

ለልጄ ደውዬ እዚሁ እንደምቀመጥ ነገርኳት። ያቺን የጃጁራ ሴት ጌታ ይባርካት፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከዘይነባ ጋር ዛሬ ስድስተኛ ምሽታችን ነው። ክንዴ ገና ነው። የእሷ ወገብ ግን ተሽሎታል።